ዘበኛ ተኝቶ አይገኝም

የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ዓይኗን ከማይክሮስኮፑ ሳትነቅል ሳቀች። ከአባቷ ደም የወሰደቻቸው ነጭ የደም ሕዋሳት መስታወቱ ላይ ወዳኖረችላቸው የሞተ ጀርም እየተሳቡ ሄደው ይከቡት ነበር። የቁርጥማት መድኃኒቱ አደንዝዟቸው ይሆናል ብላ ሰግታ ነበር፤ ደንዝዘው ቢገኙ ሐኪሙ መድኃኒቱን ይቀንስበታል፣ የአባቷም ጣቶች እንደገና ይቆለመማሉ። «አባዬ፣ ዘበኞችህ እንዴት እንደነቁ ብታይ!» አለችው። ዕድሜውን በዘበኝነት የጨረሰው ሽማግሌ ወንበሩ ላይ ሆኖ ደረቱን ነፋ። «ታዲያስ! የማን ዘበኞች መሰሉሽ?»

«በል ኮትህን ልበስና እንሂድ።» አባቷ ኮቱን ደረበና የመጀመሪያዋን ቁልፍ ያዘ። አመለጠችው። ደግሞ ያዛት፤ ደግሞ አመለጠችው። ባለፈው ሳምንት በነዚያው ጣቶች በመርፌ ቀዳዳ ክር አስገብቶ ተኩራርቶባት ነበር። ፈገግታዋ ጠፋ። «አባዬ፣ መድኃኒቱን ትተኸዋል እንዴ?»

«ለምርመራው ብዬ ነው እንጂ» አለ ወለል ወለሉን እያየ። «ያስተኛቸዋል አላልሽኝም? አለቃ ሊጎበኝ ሲመጣ ዘበኛ ተኝቶ አይገኝም፤ ያውም አለቃዋ ልጄ ሆና!» ልትቆጣው አፏን ስትከፍት ሳቋ ቀደማት። እንክብሉን ከኮቱ ኪስ አውጥታ ውሃ ቀዳችለት፤ ከዚያም ፊቱ በርከክ ብላ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈችለት። «ዋጠው አባዬ፤ ደሙን ሌላ ቀን እናየዋለን» አለችው። «እነሱ ቢያንቀላፉ እኔ አለሁ። የዘበኛ ልጅ አይደለሁም?»