የወርክሾፑ ወለል

ሽማግሌው አናጺ ጓሮው ውስጥ ተንበርክኮ፣ እርጥቡን ሲሚንቶ የሕፃን ጀርባ እንደሚያሻሽ ሰው ቀስ እያለ ያለሰልስ ነበር። ልጁ «ወርክሾፕ እንሥራልህ» ካለው ወዲህ የወገቡን ሕመም ረስቶታል። አሸዋውን የነፋው፣ ጠጠሩን በጋሪ የገፋው፣ ሲሚንቶውንም ያቦካው ራሱ ነው።

«የመሥሪያ ጠረጴዛዬን እዚህ ጋ፣ መስኮቱ ሥር አደርገዋለሁ» አለ በጣቱ እያሳየ።

በረንዳው ላይ ከባሏ አጠገብ የቆመችው ምራቱ ሳቋ አመለጣት። «ለመኪና ደግሞ የምን መስኮት ነው?»

አናጺው ቀና ብሎ ልጁን አየው። ልጁ ዓይኑን በጨው አጥቦ «ለመኪናችን ማቆሚያ ነው፣ አባዬ» አለው። «አንተ ደግሞ በዚህ ዕድሜህ ምን ልትጠርብ ነው?»

«ታዲያ አስቀድመህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ብነግርህማ እንዲህ አሳምረህ ትሠራው ነበር?»

አናጺው ሊነሳ እጁን ዘረጋ። ከበረንዳው ወርዶ እጁን የያዘው የለም።

«በዚያ በኩል ትንሽ ጎርበጥ ብሏል» አለ ልጁ።

አባቱ ዞሮ አየ። እውነትም ጎርብጧል። ሲሚንቶው ሳይደርቅበት ወደዚያው እየዳኸ ሄደ።