«አስወርዳ ነው» የተባለችው ከበቡሽ

«ተነሺ፣ ሰው እያየን ነው» አላት ባሏ ፈለቀ።

ከበቡሽ መነሳት አልቻለችም... አልዱባ ገበያ መሃል ሆዷን ይዛ አረንጓዴ ታስመልሳለች።

ሆዷ እንደ ከበሮ ተነፍቷል። ከትናንት ጀምሮ ሰገራ የለ፣ አየር የለ...

አማቷ ወይዘሮ ሙሉወርቅ ከበላይዋ ቆመው፣ ገበያተኛው እንዲሰማ...

«አትዘንላት ልጄ። ጽንስ ልታስወርድ መድኃኒት ጠጥታ ነው» አሉ።

«ኧረ አልጠጣሁም እማማ...»

«ዝም በይ።»

ይኼኔ አንዲት ቅቤ ሻጭ ዕቃዋን ጥላ መጣች። ከበቡሽ አታውቃትም።

«ጂንካ ሐኪም ቤት ውሰዳት» አለችው ፈለቀን።

«አንቺን ደግሞ ማን ጠራሽ?» አሉ አማቲቱ፣ ሴትየዋን ሲያዩ ፊታቸው ተለዋውጦ።

ሴትየዋ ወደ መንገዱ ወጣች። ዘመኑ የደርግ ነው፣ መኪና እንደ ዛሬ አይገኝም... አንድ የጭነት መኪና ለምና አስቁማ ከበቡሽን ጋቢና አስገባቻት።

እናትና ልጅ ከኋላ ተጫኑ። አዝነው ሳይሆን ሐሜት ፈርተው።

ጂንካ ሲደርሱ ሐኪሙ ደምሰው ሆዷን ዳሰሰ፣ ራጅ አስነሳት።

«አንጀቷ ተዘግቷል። ከዚህ በፊት ኦፕራሲዮን አልሆነች፣ ከውጭ የሚታይ ቡአ የለባት... ምን እንደዘጋው ካልከፈትኩ አላውቅም።»

«አትከፈትም። ገመናዋን ይዛ ትሙት» አሉ አማቲቱ።

ፈለቀ አቀረቀረ።

«ሆዱ የእሷ ነው» አለ ሐኪሙ። ወደ ከበቡሽ ዞረ። «ትፈቅጃለሽ?»

«ክፈቱኝ» አለች።

...ስትነቃ ሁሉም ቆመው ነበር።

«ጽንስም የለ፣ የተጠጣ መድኃኒትም የለ» አለ ሐኪሙ። «ከማኅፀኗ ጎን ያለው ስስ ሽፋን ቀዳዳ ነበረው። ምናልባት ወሊድ ላይ ተቀዶ ይሆናል። አንጀቷ በዚያ ሾልኮ ታንቆ አገኘሁት፤ አስለቅቄ ቀዳዳውን ሰፋሁት። እኔም እንዲህ ያለ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ብትዘገዩ ኖሮ ይበሰብስ ነበር።»

አማቲቱ ይቅርታ አሉ?

አላሉም። «እግዜር ያውቃል» ብለው ወጡ።

ቅቤ ሻጯ ግን አልጋው አጠገብ ቀረች።

«እህቴ፣ ለመሆኑ ማን ነሽ?» አለቻት ከበቡሽ።

«ንብረት እባላለሁ... ካንቺ በፊት የፈለቀ ሚስት ነበርኩ። ጽንስ ሲጨናገፍብኝ ‹አስወርዳ ነው› ብለው፣ እየደማሁ ወይጦ መንገድ ላይ ጣሉኝ።»

ከበቡሽ ከግርጌዋ የቆመውን ባሏን አየችው... አላስተባበለም።

ድና ስትወጣ ፈለቀ በር ላይ ጠበቃት።

«በይ ወደ ቤትሽ ግቢ» አላት።

«ልጆቼን ልወስድ እመጣለሁ። አንተ ከእናትህ ጋር ኑር» አለችው። ንብረትን ተደግፋ አልፋው ሄደች።

ወዳጆቼ... ሴት ሆዷን ሲያማት ሐኪም እንጂ ፈራጅ አይጠራላትም። ሳያዩ የፈረዱባት ሰዎች ሊገድሏት ነበር፤ ያተረፈቻት እነሱ የጣሏት ሴት ናት።

እናንተ በከበቡሽ ቦታ ብትሆኑ ወደ ፈለቀ ቤት ትመለሱ ነበር? እስቲ የልባችሁን ጻፉ...