የወይዘሮ እታገኝ እንግዳ

የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በተከበረ ማግሥት፣ ቡና በሚለቀምበት በኅዳር፣ ሬናተ የምትባል ጀርመናዊት ጅማ ገባች። የቡና በሽታ ልታጠና ነው ተባለ። ምሥራቅ ጀርመን ተምሮ የተመለሰው ዘለቀ አስተርጓሚ ሆኖ ተመደበላት።

ከውጭ የሚመጣ ባለሙያ የሚያርፈው ሆቴል ነው። እሷ ግን ሆቴሉን ትታ፣ ቦሳ ኪቶ ከሰው ቤት ክፍል ይፈለግልኝ አለች። በዚያ ሰፈር ክፍል የሚያከራዩት ወይዘሮ እታገኝ ነበሩ፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ አንድ ልጃቸው እሱባለው ለትምህርት ባሕር ማዶ ከሄደ አምስት ዓመት ያለፈው።

«ፈረንጅ ቦሳ ኪቶን ከየት ሰማችው?» አለው ዘለቀን የቀበሌው ሊቀ መንበር ፈለቀ። «ዓይንህን ከእሷ ላይ እንዳትነቅል።»

ሬናተ ሳቂታ ነበረች። የመጀመሪያው ቀን ቤት ስትገባ ጎረቤቶች ብድግ ብለው «ኖር» ሲሏት፣ ማን መጣ ብላ ወደ ኋላዋ ዞረች። ለእሷ መሆኑ ሲገባት ከት ብላ ሳቀችና «ለካ እውነት ነው» አለች በቋንቋዋ። ወይዘሮ እታገኝ እጃቸውን ሽንኩርት ነክቶት ስለ ነበር ለሰላምታ የእጃቸውን አንጓ ዘረጉላት። እሷም አንጓውን ጨብጣ «ይኸም እውነት ነው» አለች። ዘለቀ የአነጋገር ልማዷ መሰለው።

ሰው «አዎ» ለማለት ትንፋሹን ወደ ውስጥ ሳብ ማድረጉን ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስትለማመደው ዋለች።

«የደነገጠ ሰው ትመስያለሽ» ብሎ ዘለቀም አብሯት ሳቀ።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። አንድ ቀን ነገ ሁለት ሰዓት እንገናኝ ብሏት ተለያዩ። በአበሻ ሰዓት መሆኑን እንዳልነገራት ትዝ ያለው ጠዋት ሲነሣ ነው። ከቀትር በኋላ ነው የምትመጣው ብሎ ራሱን እየረገመ ሲደርስ፣ በር ላይ ቆማ ስትጠብቀው አገኛት።

«ማን ነገረሽ?»

«የሆነ ሰው» አለች።

አጋሮ ሲወርዱ ገበያተኞቹን ሴቶች «አካም ጅርቱ» ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለቻቸው። ዘለቀ አላስተማራትም። ሴቶቹ እየሳቁ እፍኝ ቀይ ቡና መዳፏ ላይ ጨመሩላት። አንዱን ፍሬ መጠጠችና ዓይኗ በራ፤ ስለ ቡና ተምራ ተምራ፣ ፍሬው እንደሚጣፍጥ ያወቀችው ገና ያኔ ነበር። ለዛፉ ግን እምብዛም ግድ አልነበራትም። ካሜራዋን ያወጣችው ጅማ ከተመለሱ በኋላ ነው። የሰፈሩን ትምህርት ቤት በር አነሣች፤ ኳስ ሜዳውን አነሣች።

የቡና በሽታ ኳስ ሜዳ ላይ ምን ይሠራል? አለ ዘለቀ በልቡ።

እራት ሲቀርብ ደግሞ ሌላ ጠባይ አመጣች።

«ዘለቀ፣ ለወይዘሮ እታገኝ አንድ ነገር ንገርልኝ» ትላለች።

ወይዘሮ እታገኝ እጃቸውን ከትሪው መልሰው ዓይን ዓይኗን ያያሉ። ሬናተ ቆይታ ቆይታ፣ «ወጡ በጣም ይጣፍጣል በልልኝ» ትላለች። በማግሥቱም ያው ነው፤ በሌላውም ቀን። ዘለቀ ይህን የአሮጊቷን ልብ ማለስለሻ አድርጎ ቆጠረው።

ወይዘሮዋም ዘለቀን አስገረሙት። ከውጭ የመጣ ሁሉ እሱባለውን የሚያውቀው ይመስላቸው ነበር። የኩባውን ሐኪም መንገድ ላይ አስቁመው ጠይቀውታል፤ ዘለቀም ከትምህርት የተመለሰ ሰሞን አልቀረለትም። ቤታቸው ለተቀመጠችው ለዚህች ሴት ግን ከመጣች ጀምሮ አንድ ቀን ስሙን አላነሡላትም። ቀበሌውን ፈርተው ነው አለ ዘለቀ። ቅቤ መቀባትም ትተው ጸጉራቸውን በሻሽ ጠቅልለዋል። ሬናተ ቅቤው ጆሯቸው ሥር ሲቀልጥ አይታ ስቃ ስለ ነበር፣ አፍረው መሰለው።

ፈለቀ ሲጠይቀው ዘለቀ ያየውን ተናገረ፤ ሰዓቱን፣ ኦሮምኛውን፣ ፎቶግራፉን፣ የእራቱን ነገር።

«እንግዲህ ይህች ሴት ሳትመጣ በፊት ያሠለጠናት ሰው አለ» አለ ፈለቀ።

«እኔም እንደዚያ ነው የመሰለኝ» አለ ዘለቀ።

ሬናተ ገና ሁለት ሳምንት እየቀራት፣ ሥራሽ አብቅቷል፤ ነገ ወደ አዲስ አበባ ትመለሻለሽ ተባለች። የነገራት ዘለቀ ነው። ያን ቀን ፊቷ ላይ ሳቅ አልነበረም።

«ጥቂት ቀን ብቻ ይጨመርልኝ» ብላ ለመነችው። «ገና ያልጨረስኩት ነገር አለ።»

«የእኔ ሥልጣን አይደለም» አላት። እውነቱን ነው፤ ቢሆንም ዓይኗን ማየት አቃተው።

በማግሥቱ ጠዋት መኪናው ደጅ ቆመ። ወይዘሮ እታገኝ ለመንገድ ቆሎ ቋጥረውላት ወጡ። ሬናተ ሻንጣዋን አስቀመጠችና፣ «ዘለቀ፣ ለወይዘሮ እታገኝ ንገርልኝ…» አለች።  ዘለቀ ጠበቀ። እሷ ግን ጎንበስ ብላ ሻንጣዋን መልሳ አነሣች። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ።

«እትዬ፣ እንግዲህ መሄዷ ነው፤ ይሰናበቷት» አለ ዘለቀ።

ወይዘሮ እታገኝ ቀረብ ብለው የሬናተን ፊት በሁለት እጃቸው ያዙት። ቶሎ አልለቀቁትም። አላለቀሱም።

«ዘለቀ፣ ዛሬ የምናገረው እኔ ነኝ» አሉ። «አንዲት ቃል ሳታጎድል አድርስልኝ።»

ዘለቀ በሰላም ግቢ የሚሉ መስሎት ጆሮውን አዘነበለ።

«ልጄን ስትቀብሪው፣ አብሮሽ ያለቀሰ ሰው ነበር ወይ?»