የማር ጭስ

«ጭሱ የምንድን ነው፣ እማማ?» አለች ሰልማ፣ ዓይኗን ከኮምፒውተሩ ሳትነቅል።

ሰቆጣ ሆስፒታል፣ ካርድ ክፍል ነን። ሐኪሙ የባለቤቴን የይመኙሻልን ደረት አዳምጦ «የቆየ ጭስ ሳንባዋን ጎድቶታል» ብሎ ጽፏል። ይህች ልጅ ደግሞ የእሱን ጽሑፍ ወደ በሽታ መለያ ቁጥር ትመልሳለች። የቤት ቃጠሎ ቁጥሩ ሌላ፣ የምድጃ ሌላ ነው አለችን።

«የምድጃ ነዋ!» አለች ይመኙሻል ቶሎ ብላ። «እኔ ከምድጃ ሌላ ምን አውቃለሁ?» ሳቀች፤ ሳቋ ሳል ሆኖ ወጣ።

«እንግዲያው ከምድጃ ይራቁ ይሉዎታል። ነርሶቹ የሚመክሩት ይህን ቁጥር አይተው ነው።»

እውነቱን ወዲያው አልተናገርሁም። ልጆቼ፣ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ማር ቆረጣው ሳምንት ብቻ ቀርቶታል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እኔ ማሩን ስቆርጥ፣ እሷ የሚጨስ ኩበት ይዛ፣ በአፏ እፍ እያለች ንቡን ታበርድልኛለች። ግብርናዎች የሰጡን ወናፍ ያለው ማጨሻ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ አለ። «ንቡ ያንቺን ትንፋሽ ለምዷል፤ ይህን ቆርቆሮ ይቆጣል» አልኋት ያኔ። ደስ አላት።

«ልጄ፣ የጻፍሽውን አጥፊው» አልሁ። «የምድጃ አይደለም። የማር ነው።»

«ማር ያጨሳል እንዴ፣ አባባ?»

ነገርኋት። ይመኙሻል በክርኗ ጎሸመችኝ። «አርፈህ ተቀመጥ፣ ሰውዬ! ለሳምንቱ ቆረጣ ማን ሊያጨስልህ ነው?»

ሰልማ ኮምፒውተሩ ላይ ወደ ታች ወደ ታች ፈለገች። «የማር የሚል የለም። በሥራ ላይ የተሳበ ጭስ የሚል አለ። እሱ ግን አሠሪውን ይጠይቃል። ማን ነው ያሠራቸው?»

«ማንም አላሠራኝ!» አለች ይመኙሻል።

«ምሳው ብለሽ ጻፊ» አልሁ።

«ምሳው ማን ናቸው?»

«እኔ ነኝ።»

የልጅቱ ጣቶች ቆሙ። ቀና ብላ አየችኝ፤ ከዚያ ቀስ ብላ ጻፈች።

ይመኙሻል ሳሉ ሲመጣባት የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ ሳበች። ጫፉ በኩበቱ ፍንጣሪ ተበሳስቷል። ይህን ሁሉ ዓመት ብል የበላው ይመስለኝ ነበር።