አርባ ሦስተኛው ስም

ስዊድን አገር፣ ሱንድቢበሪ ከተማ አንድ ቢሮ አጸዳለሁ። ናዚዎች አይሁዶችን የፈጁባቸውን፣ ዛሬ ድንች የሚበቅልባቸውን የተረሱ ካምፖች ታሪክ የሚሰበስብ ማኅበር ነው። ቀኑን ሙሉ የሙታን ስም ሲለቅሙ ይውላሉ። የእኔን ስም ግን በአሥራ አንድ ዓመት አንድም ቀን አልጠየቁኝም። እዚያው የምትሠራው የአገሬ ልጅ ፌበን እንኳ «ጋሼ» ብላ ታልፈኛለች።

እሷ ጠዋት ጠዋት አንድ የድሮ ቴፕ ከፍታ ስም ትጽፋለች። ከካምፕ የተረፉ ሽማግሌ ናቸው የሚናገሩት። ጎረምሳው የካምፑ ጠባቂ እስረኛ በስሙ እየጠራ እንዴት ይደበድብ እንደነበር ሲያሳዩ፣ ስም ይሉና ጠረጴዛውን በቡጢ ይመታሉ። አርባ ሁለት ስም፣ አርባ ሁለት ምት። በቃሌ ይዤዋለሁ።

ማክሰኞ ዕለት ከአርባ ሁለተኛው በኋላ ሌላ ድምፅ መጣ፤ የጎረምሳ ድምፅ።

«ብርሃነ ሥላሴ ይመኑ!»

የእኔ ስም ነው፤ የአባቴ ስም ሳይቀር! ፌበን ፊቴን አይታ ገባት።

«ጋሼ፣ አቤት እንዳይሉ! የማይታይ ሰው ሲጠራ አቤት አይባልም!»

እናቴም እንደዚያው ብላ ነው ያሳደገችኝ። ግን እዚህ ቤት በስሜ የጠራኝ እሱ ብቻ ነው።

«ብርሃነ ሥላሴ ይመኑ!»

«አቤት!» አልኩ መወልወያዬን ይዤ፣ ቀጥ ብዬ ቆሜ።

ጠረጴዛው አልተመታም። መንጋጋዬ ቀጭ ሲል ሰማሁ። ሁለት ጥርሴ ከደም ጋር አሁን በወለወልኩት ወለል ላይ ወደቀ፤ እኔም ተከተልኩ። ፌበን እየጮኸች የቴፑን ገመድ ከግድግዳው ነቀለች።

«ፌበን ሞገስ!» አለ ቴፑ።

አፏን በሁለት እጇ አፈነች።