ዓይኗ የሚያርፍበት

የትርንጎ ባል ተከራያቸውን ደጀንን መጥላት የጀመረው በሚስቱ ዓይን ምክንያት ነው። ባሏን እያናገረች የምታየው በግራው የሚቀመጠውን ደጀንን ነበር። ሦስቱም በአንድ ትሪ ሲበሉ ለባሏ ጉርሻ ጠቅልላ ትዘረጋለች፤ እጇ ወደ እሱ ይመጣል፣ ዓይኗ ግን ወደዚያ ጎረምሳ ይሄዳል። አንድ ቀን ጭራሽ ጉርሻው ጢሙ ላይ አረፈ።

«ጋሼ፣ እትዬ ጢምዎን ነው እንዴ የሚያጎርሱት?» ብሎ ደጀን ሳቀ።

ባልየው አልሳቀም። የቁርጥማቷን ክኒን ስንት ዓመት ሙሉ ከፋርማሲ ፋርማሲ እየዞረ ያመጣላት፣ ጣቶቿ ተፍታተው እንደገና ሹሩባ መሥራት የቻለችው፣ ለዚህ ኖሯል? በማግስቱ «ክፍሉን ለዘመድ ፈልጌዋለሁ» ብሎ ደጀንን አስወጣው።

ምሳ ላይ ሁለቱ ብቻ ቀረቡ። ትርንጎ ጉርሻ ጠቅልላ ዘረጋች። ዓይኗ የደጀን ባዶ በርጩማ ላይ ነበር።

«ናፈቀሽ አይደል?» ብሎ ጮኸባት። «በርጩማውንም አውጥቼ ልጣለው?»

«ማን ነው የሚናፍቀኝ?»

«ታዲያ ማንን ነው የምታዪው?»

«አንተን ነዋ!»

ጉርሻውን ትሪው ላይ መለሰችው።

«ክኒኑ የዓይኔን መሃል በልቶታል። ሐኪሙ ካወቀ ይከለክለኛል፣ ጣቶቼም ተመልሰው ይተሳሰራሉ ብዬ ፈርቼ ደበቅኩህ። ፊት ለፊት ሳይህ ፊትህ ይጠፋብኛል። ከጎንህ ያለውን ሳይ ነው ብቅ የምትልልኝ።»

ባልየው ወደ ትሪው አቀረቀረ።

«ምነው፣» አለችው በርጩማውን እያየች፣ «ታለቅሳለህ እንዴ?»