ከጦርነቱ ጋር የታጠበች ልጅ

የጦርነት ትዝታ ከተመላሽ ወታደሮች ራስ እንዲታጠብ ከተደነገገ ወዲህ ስሜነህ እንቅልፍ ይወስደዋል። ልጁ ወለላ ግን የተወለደችው በዘመቻው ዓመታት ነበርና ከትዝታው ጋር አብራ ከራሱ ታጠበች። ሐኪሞቹ «አብራችሁ ዓሣ አጥምዱ» ስላሉ፣ ሚስቱ የዝና በየቅዳሜው ሁለቱንም በታንኳ ጣና ላይ ይዛ ትወጣለች። ክንዷ ዝሏል፤ ተስፋዋም።

«ጋሼ፣ ያዘልህ!» አለች ወለላ ክሩ ሲወጠር። «አባዬ» ስትለው ይደነግጣል።

ስሜነህ ቆሮሶ ዓሣውን ስቦ አወጣ። ዳር ወጥተው ሲጠብሱ አጥንቱን ለቅሞ አውጥቶ ልጅቱን አጎረሳት።

«እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት! አባቷ የት ሄዶ ነው?» አለ ወደ የዝና ዞሮ።

ሁልጊዜ «አንተ ነህ» ትለዋለች፤ ያለቅሳል፣ ሲነጋ ይረሳዋል። ዛሬ ደከማት።

«ዓሣ ሊያጠምድ።»

«ጎሽ፤ ባዶ እጁን አይመለስ እንጂ» አለና ለወለላ ሌላ ጉርሻ አዘጋጀላት።